የጎረቤት ሞገድ

ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ፣ የእጅ ስማርት ሰዓትና የኪስ ስልክ አንድ ላይ ሲሠሩ ሰውነት ላይ የሚለበስ ገመድ አልባ መረብ ይሆናሉ። የሚያሠራጩት ኃይል ትንሽ ነው፤ ከጥቂት ሚሊ ዋት እምብዛም አያልፍም። ከዚህ ተነሥቶ የሞገድ መረባበሽ የአዲስ አበባ ጣጣ እንጂ እንደ መርጡለ ማርያም ላለች፣ በእነብሴ ሳር ምድር ደጋ ላይ ለተቀመጠች ከተማ የማያሰጋ የሚመስለው ብዙ ነው። አየሩ ከአዲስ አበባው ይልቅ ጸጥ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእነዚህ መረቦች ዋና ረባሽ ሩቅ ያለው ማማ ሳይሆን አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

ምክንያቱ ሰውነታችን ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። መለኪያው ደረት ላይ፣ ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ መልእክቱ ገላን ዞሮ ተዳክሞ ይደርሳል። ከኋላ የተሰለፈውን ሰው ሰዓት ግን ከዚያ ስልክ የሚለየው አየር ብቻ ነው። ከግድግዳ ጀርባ የሚጣራ የቤት ልጅ ድምፅ አጠገብ በሚያወራ እንግዳ እንደሚዋጥ፣ የራስ መለኪያ በባዕድ ሰዓት ይዋጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር፤ የቀድሞዎቹ ቀበቶዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ የሚልኩት ምት የባለቤቱን ምልክት አይዝም ነበር። ስለዚህ እንደ እኛ አትሌቶች ተጠጋግቶ ለሚለማመድ ሯጭ ሰዓቱ የባልደረባውን ልብ ሊያነብለት ይችል ነበር። ችግሩ የተቃለለው ምቱ በኮድ መላክ ሲጀምር ነው።

«ብሉቱዝ ይህን ፈትቶታል» የሚል አይጠፋም። በከፊል ልክ ነው፤ አነስተኛ ኃይል የሚጠቀመው ብሉቱዝ ካሉት 40 ቻናሎች በአብዛኞቹ ላይ እየዘለለ ይሠራል፣ መልእክቱም አድራሻ አለው። የሰው ልብ ለሌላ ሰው መታየቱ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። አሁንም ያለው ችግር የመልእክት መጥፋትና መዘግየት ነው፤ የተጋጨ መልእክት እንደገና ይላካል፣ ባትሪም ይበላል። እርምጃ ለሚቆጥር ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለልብ ሕመምተኛ ማስጠንቀቂያ ግን የሰከንዶች መዘግየት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 802.15.6 የተባለው የሰውነት መረብ ደረጃም ጎረቤት መረቦች ጊዜ የሚሸሻሹበትንና ቻናል የሚቀያይሩበትን መንገድ ያካተተው ለዚህ ነው።

ሕግ አይበቃም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዲጂታል ሥርጭት ሲሞክር የቤይለር ሆስፒታል ገመድ አልባ የልብ መከታተያዎች ተስተጓጎሉ፤ በ2000 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ለሕክምና ብቻ የተለየ ሞገድ መደበ። ጣቢያ አድራሻ ስላለው ሕግ ያገኘዋል። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገድ ያከፋፍላል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጡ ሁለት ታካሚዎች ግን ተራ የሚያስይዝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ያንን ማድረግ ያለበት መሣሪያው ራሱ ነው።

ጥር 21 ቀን በመርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ጥንታዊ ሕንፃ ባለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ምእመን ለበዓል ሲጨናነቅ የአንዱ ማዳመጫ ቢቆራረጥ ጉዳቱ ኢምንት ነው። የታካሚዎች ክፍል ግን እንዲህ አይደለም። እንግዲህ ለጤና ተቋም ገመድ አልባ መከታተያ የምትገዙ ሁሉ ከዋጋው ጋር ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ በየትኛው ሞገድ ይሠራል? ስንት ሆነው ጎን ለጎን ተፈትነዋል?