የጦር ሰፈር ቆሻሻ፣ ያልበሰለ እሳትና የወታደሮች ጤና

ስለ ጦርነት ሲነሣ ስለ ጥይትና ስለ ቦምብ ብዙ ይጻፋል፤ ጦሩ ስለሚጥለው ቆሻሻ ግን እምብዛም አይነገርም። የአሜሪካ ጦር በኢራቅና በአፍጋኒስታን በሰፈረባቸው ዓመታት እያንዳንዱ ወታደር በቀን 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቆሻሻ ያወጣ እንደነበር ተገምቷል። የማዘጋጃ ቤት መኪና በማይደርስበት ሰፈር ቀላሉ መፍትሔ ጉድጓድ ቆፍሮ ማቃጠል ሆነ። ከባግዳድ በስተሰሜን በባላድ የነበረው ማቃጠያ 4 ሄክታር ያህል ይሰፋ ነበር። ፕላስቲኩ፣ ጎማው፣ ባትሪውና ቀለሙ ሳይለይ በጄት ነዳጅ እየተለኮሰ ይነድበት ነበር።

እሳት ሁሉን የሚያነጻ ይመስለናል። ነገር ግን ቃጠሎ የተሟላ እንዲሆን በቂ ሙቀት፣ በቂ አየርና ጋዞቹ በሙቀቱ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ያስፈልጋል። በክፍት ጉድጓድ ላይ ላዩ ሲንቦገቦግ ከሥር ያለው እርጥብ ክምር አየር አጥቶ ይጨሳል። ከዚህም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቤንዚንና ጥቀርሻ ይወጣሉ። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፒቪሲ፣ ከተጨመረበት ደግሞ ጭሱ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ዳዮክሲን የተባለው መርዝ ይፈጠራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ የማቃጠያ ምድጃ ጋዝ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ለ2 ሰከንድ እንዲቆይ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝም፣ ከጠጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ገደማ የሚቀጥነው፣ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። በየግቢያችን ፌስታል ስናቃጥል የሚሆነውም ይኸው ነው።

ታዲያ ምድጃ መግዛት ይበቃልን? በአፍጋኒስታን የሳሌርኖ ሰፈር 5 ሚሊዮን ዶላር የወጣባቸው ሁለት ምድጃዎች አንድ ቀን እንኳ ሳይሠሩ መቅረታቸውን የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ገልጸዋል፤ ጉድጓዱም መንደዱን ቀጠለ። ምድጃ ነዳጅ፣ ባለሙያና ጥገና ይሻል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ዋናው ሥራ ከእሳቱ በፊት ያለው ነው። ባትሪ፣ ጎማ፣ ፒቪሲና የሕክምና ቆሻሻ አስቀድመው ይለዩ። ውኃ በሰፈሩ ተጣርቶ በሚሞላ ዕቃ ቢታደል የፕላስቲክ ጠርሙሱ ክምር በእጅጉ ይቀንሳል። ማቃጠል ግድ ከሆነ ቦታው ከመኝታ ድንኳኖች የራቀና ነፋስ ጭሱን ወደ ሰው የማያመጣበት ይሁን። ቀዝቃዛ አየር ጭሱን እንደ ክዳን ምድር ላይ በሚያፍንበት ሌሊትና ማለዳ ጨርሶ ባይለኮስ ይመረጣል።

ከሁሉ የተዘነጋው ልኬቱ ነው። የባላድ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። በ2011 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን ጭሱ የረጅም ጊዜ ሕመም ማምጣት አለማምጣቱን ለመወሰን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ጭሱ ከበረሃ አቧራና ከተሽከርካሪ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ እያንዳንዱ ወታደር ምን ያህል እንደተነፈሰ የሚያሳይ መዝገብም አልነበረም። በዚህም ምክንያት ሳንባው የታመመ ተመላሽ ወታደር ሕመሙን ከጭሱ ጋር አገናኝቶ ካሣ ለመጠየቅ ለዓመታት ተቸገረ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በጸደቀው ሕግ ግን በርካታ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞችና የካንሰር ዓይነቶች ከአገልግሎቱ እንደመጡ ተቆጠሩ፤ ወታደሩ በተጠቀሱት አገሮች በተወሰነው ዘመን ማገልገሉን እንጂ የተነፈሰውን መጠን እንዲያስረዳ አይጠየቅም።