የተጣበቀ የሳንባ ቧንቧ እንዴት ይከፈታል?

የሳንባ የአየር ቧንቧ ከጉሮሮ በታች 23 ጊዜ ያህል ለሁለት እየተከፈለ ይቀጥናል። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚጠቡት ቅርንጫፎች ደግፎ የሚያቆማቸው ልም አጥንት የላቸውም፤ ውስጣቸውም በስስ ፈሳሽ የራሰ ነው። ሳንባ ሲታመም፣ በተለይ አየር በሚወጣበት ጊዜ፣ እንደ እርጥብ ፌስታል አፍ ግጥም ብለው ይጣበቃሉ።

ቀጥሎ የሚሳበው አየር እንደ አረፋ እየገፋ ይለያያቸዋል። ቧንቧው በጠበበ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ሲያይልም እንዲሁ ነው፤ ሳንባ እንደ ሳሙና ውጥረቱን የሚያላላ ሰርፋክታንት የሚያመነጨው ለዚህ ነው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ለመተንፈስ የሚጨነቁት ይህ ስለሚያንሳቸው መሆኑን ሜሪ ኤለን ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይታለች።

ከሁሉ የሚከብደው የአክታው ጠባይ ነው። ጤናማ አክታ 97 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ከቀሪው ውስጥ ሙሲን የሚባሉ ረጃጅም ፕሮቲኖች እንደ ድር ተጠላልፈው ያያይዙታል። በኩታበርም ሆነ በሌላው የወሎ ደጋ ተልባ የበጠበጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በማንኪያ ሲያነሡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ውሃው ሲጎድል ግን አክታ በደንብ የተመታ አብሽን ይመስላል፤ በኃይል ካልተገፋ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አየሩ ግፊቱ እስኪጠራቀም ይታገዳል፣ ከዚያ በድንገት በርግዶ ይገባል። በዚህ ጊዜ የግድግዳው ስስ ህዋሳት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ወፍራም አክታ ከኋላ ስለሚቀርም ቧንቧው መልሶ ይዘጋል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጀርባ ላይ ሲያሳርፍ የሚሰማው፣ ምጣድ ላይ እንደተጣለ ጨው የሚንጣጣ ድምፅ፣ የእነዚህ ቧንቧዎች መከፈት ነው።

እንጨት በተመናመነበት ደጋ የሚነደው ኩበት ጭሱ አክታ አመንጪ ህዋሳትን ያበዛል፣ አክታውን ጠርገው የሚያወጡትን ረቂቅ ፀጉሮችም ያዳክማል። ምጣድ ዳር የሚውሉ እናቶችን ሳል እንደ እርጅና ምልክት ብቻ አይቶ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ሕክምናው አክታውን ማርጠብ ነው፤ በጉም መልክ የሚሳብ የጨው ውሃ ለዚህ ይረዳል። ሌላው ዘዴ ቧንቧው ጭራሹኑ እንዳይዘጋ ማድረግ ነው። በብል ሲፓፕ በሚባለው መሣሪያ፣ የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ሳንባው ውስጥ የሚቆየው ግፊት የዚያኑ ያህል ውሃ ክብደት ነው። በ12 የኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ በከባድ የሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናት ሞት በዚህ መሣሪያ መቀነሱን አረጋግጧል። ጠርሙሱ መንቦጭቦጩን ካቆመ አየር በሆነ ቦታ እያመለጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ነርሷ መጀመሪያ የምትፈትሸው የሕፃኑ አፍንጫ ላይ ያለውን መግጠሚያ ነው።