የባሕር ማዶ ጉዲፈቻና ረጅሙ ወረፋ፦ ተረትና እውነታ

ከሌላ አገር ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ የተነሳ ቤተሰብ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን አንስቶ ልጁን እቤቱ እስኪያስገባ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ጥበቃ ከሚነገረው ብዙው እውነት ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከሁሉ የበረታው «ወላጅ አልባ ሕፃን ሞልቷል፤ የሚያዘገየው ወረቀት ነው» የሚለው ነው። ዩኒሴፍ ለ2015 የገመተው 140 ሚሊዮን ወላጅ አልባ ልጅ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ግን እናቱን ወይም አባቱን ብቻ ያጣ ልጅም አለበት። ሁለቱንም ያጡት 15 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ከአያት፣ ከአክስት ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር ይኖራሉ። በእርግጥ አሳዳጊ ያጡት በአመዛኙ ከፍ ያሉ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ አለዚያም ተለያይተው መሄድ የሌለባቸው እህትማማቾችና ወንድማማቾች ናቸው። አመልካቹ በብዛት የሚፈልገው ደግሞ ጤነኛ ጨቅላ ነው። ወረፋው የሚረዝመው እዚያ ላይ ነው። በቻይና በ2005 ከ1 ዓመት ያነሰ የነበረው የጤነኛ ሕፃን ጥበቃ ኋላ ከ5 ዓመት በላይ ሆነ፤ ሕክምና የሚያሻው ልጅ ለመቀበል የተስማሙት ግን ቀድመው ይጠሩ ነበር።

ወረቀቱም ቢሆን ዋዛ አይደለም። አሜሪካዊ አመልካች በማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱና ኑሮው ይጠናል፣ አሻራ ይሰጣል፣ የኢሚግሬሽን ፈቃድ ያገኛል፣ ሰነዶቹን ያረጋግጣል፤ ከዚያ የልጁ አገር ፍርድ ቤትና ቪዛ ይከተላሉ። ጥበቃው ሲረዝም አሻራውና የሕክምና ምርመራው ጊዜያቸው ያልፍና እንደገና ይሠራሉ። አንድ ውሳኔም ሰልፉን በአንዴ ሊያስረዝመው ይችላል፦ በመጋቢት 2011 የኢትዮጵያ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይመለከት የነበረውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 አወረደ።

«ቶሎ ያለቀ ጉዳይ ጥሩ ጉዳይ ነው» የሚለውን ያፈረሰችው ጓቲማላ ናት። እዚያ ዳኛ ሳይወስን በኖታሪ ጠበቆች እጅ ያልቅ ስለነበር ፍጥነቱ የተመሰገነ ነበር። በ2007 ብቻ ወደ 4,700 ልጆች አሜሪካ ገቡ። ኋላ በተደረገ ምርመራ የተገዙና የተሰረቁ ልጆች፣ የተጭበረበሩ ሰነዶች ተገኙ፤ አገሪቱም ለአዲስ አመልካች በሯን ዘጋች። ለአንድ ልጅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በሚከፈልበት ጉዳይ መዝገቡን የሚያገላብጥ ዳኛ እንቅፋት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

የቃሉ ትርጉምም ሰውን አሳስቷል። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ በዚያ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ያለው ዝምድና አይበጠስም። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ትስስር እንዲጠብቅ ይደነግጋል። በአሜሪካ ሕግ ግን የወለዱት ሰዎች የወላጅነት መብት ለዘለቄታው ይቆረጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የፈረሙት ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስ፣ ደብዳቤና ፎቶም እንደማይቋረጥ አምነው ነበር። በአንድ ቃል ሁለት ውል ተፈረመ ማለት ይቻላል።

«ልጁ ከተመደበ አለቀ» ብሎ ክፍሉን ቀለም የቀባ ቤተሰብም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ሩሲያ ከጥር 2013 ጀምሮ ለአሜሪካውያን ልጅ መስጠት አቆመች። ቻይና በመስከረም 2024 ከጥቂት የዘመዳሞች ጉዳይ በቀር ስትዘጋ፣ ከኮሮና በፊት ልጅ ተመድቦላቸው ሲጠብቁ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች መሐል ላይ ቀሩ።

ኢትዮጵያ በ2010 ከ2,500 ያላነሱ ልጆች ወደ አሜሪካ ሸኝታለች። በማግስቱ ዓመት በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተችው ኢትዮጵያዊት ልጅ ጉዳይ አገሩን አስቆጣ፤ ባልና ሚስቱ በ2013 ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። በ2004 ወደ 23,000 የተጠጋው ከመላው ዓለም ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ቁጥር በ2023 1,300 እንኳ አልሞላም።