የፒያሳ አሮጌ ታፔላዎች

የፒያሳ አሮጌ ታፔላዎች በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ በቆርቆሮና በሱቅ ግድግዳ ላይ በብሩሽ የተጻፉ የንግድ ማስታወቂያዎች ናቸው። ታፔላም ፒያሳም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በሰፈሩ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ስለነበሩ ከአማርኛው ጎን የውጭ ቋንቋም ይጻፍ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ በግድግዳ ላይ የነበረው ጽሑፍ አብሮ ጠፋ፤ ቆርቆሮ ተነቅሎ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ግን አይነቀልም። ስለዚህ ፎቶግራፍ ቀድሞ መነሳት አለበት።

የደበዘዘ ጽሑፍ በደንብ የሚነበበው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን ስትመታው ነው፤ ያን ጊዜ የቀለሙ ውፍረት ትንሽ ጥላ ይጥላል። የካሜራ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ይህን ጥላ ያጠፋዋል። ፊደሉን ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ በሩ፣ አጎራባቹ ሱቅና መንገዱም ካልታዩ ጽሑፉ የየትኛው ቤት እንደነበር ኋላ ማወቅ ያስቸግራል።