ጭሱን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ

ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ ሥር በነበረበት ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያይ ነበር። ገበያው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ መርካቶ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የበቅሎዋንም ቦታ ሚኒባስና አይሱዙ ወርሰውታል። የገዢው ጭንቀት ግን ያው ነው። ልዩነቱ የናፍታ መኪና ጤንነት የሚታየው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከማርሚታዋ አፍ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ በእጅጉ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በዶላር የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተወደደ። እንግዲህ ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ ወይም ከዘመድ አዝማድ ያሰባሰበ ሰው አሮጌ ዶልፊን ሲገዛ፣ አንድ የሞተር ስሕተት የሁለትና የሦስት ዓመት ልፋቱን ሊበላበት ይችላል።

ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶ እየጠጡ መኪናዋን ለሚጠብቁ ገዢዎች የመጀመሪያው ምክር፣ አይጠብቁ የሚል ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እየነዱ ያመጡልዎት መኪና ሞቃለች። የሞቀ ሞተር ደግሞ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ካደረችበት ግቢ ይድረሱ። ዶልፊን ከሆነች ሞተሩ ከጋቢና መቀመጫ ሥር ነውና መቀመጫው ይነሳልዎ፤ መዳፍዎን ያሳርፉበት። ለብ ካለ አንድ ሰው ቀድሞዎታል ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት አንዲት ፒክአፕ ሲገዛ ሻጩ «አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው» ብሎት አምኗል። ወር ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ግቢውን የሚሸፍን ነጭ ጭስ መጣ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ኖሯል። የጥገናው ሒሳብ ሲደመር ሻጩ «ለእርስዎ ስል ቀነስኩ» ያለውን ገንዘብ አራት እጥፍ ሆነ።

በአዲስ አበባ ብርድ ያደረ የናፍታ ሞተር ሲነሳ ጥቂት ነጭ ጭስ ቢያወጣ ነውር የለውም። ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላም ይጠፋል። ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት ካንዴላዎች ከተቃጠሉ ትንሽ ይረዝማል፤ ይህ ቀላል ወጪ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካላቋረጠ ግን ወይ ኖዝልና ፖምፓው ተዛብቷል፣ ወይ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ለሁለተኛው ምስክሩ ቅርብ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ ወይም ሲነሳ አረፋ የሚያስነሳ ከሆነ ይጠርጥሩ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ። ካፌ ትተውት የመጡትን ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ካዩ ወደ ካፌዎ ይመለሱ።

ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ሠርቶ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲያነሱ እንደ ጀበና እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ የፒስተን ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ሻጮች ይህን ያውቃሉና ወፍራም ዘይት ሞልተው ለጥቂት ቀን ያስታግሱታል። ቀዝቃዛውን ሞተር ይፈልጉ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገዢውን የሚያሳስተው ጥቁሩ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍታው በዝቶ አየሩ ሲያንስ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከጅቡቲ ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ እንደ ዶልፊኗ ፋይቭ ኤል ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በጠረፍ ሳይጨስ ቆይቶ እዚህ ዳገት ላይ ቢያጠቁር ሊያስደንቅ አይገባም። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አዲስ የአየር ፊልትሮ፣ የኖዝል ማስተካከያና ፖምፓውን ለከፍታው መለካት ነው። ጥቁር ጭስ አይቶ የሸሸ ገዢ ደህና መኪና ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ተንኮሉ ያለው በግልባጩ ነው። ሻጭ ፖምፓውን አስጠብቦ ናፍታውን ሲቀንሰው ጭሱ ይጠፋል፤ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ንጹሕ ትመስላለች። ጉልበቷ ግን አብሮ ጠፍቷል። ለዚህ ፒያሳ የራሷ መመርመሪያ አላት። አምስት ስድስት ሰው ጭነው ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ይውጡ። ሳትጨስ፣ ነገር ግን እያቃሰተች በዝቅተኛ ማርሽ የምትወጣ መኪና ንጽሕናዋ የፖምፓ ነው። ያ የማይበቃዎ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይሞክሯት። ከኋላ ሌላ መኪና ውስጥ የራስዎን ሰው ያስቀምጡ፤ ሾፌር የራሱን ጭስ አያይም።

ማርሚታው ራሱም ይታይ። ውስጡ ደረቅ ጥላሸት ቢኖረው ደንብ ነው፤ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት ወይም ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። መገጣጠሚያው ላይ የጠቆረና «ቸክ ቸክ» የሚል ድምፅ ካለ ጭሱ ወደ ጋቢና ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሾፌርና ረዳት ይህ የራስ ምታት ብቻ አይደለም። አዲስ ለሚባሉት አባዱላዎች ደግሞ ዓይን አይበቃም። በኮምፒውተር ናፍታ የሚረጩ ስለሆኑ በኮምፒውተር ያስፈትሹ፤ የአንድ ኢንጀክተራቸው ዋጋ ያስደነግጣል።

«በቅሎ ግዙ ግዙ አንድ አሞሌ ላያግዙ» ይባላል። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና እርሱ ባመጣው መካኒክ አይመኑ፤ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። የጥገናውን ግምት በጽሑፍ ይቀበሉ፤ መኪናዋ ጋራዥ ቆማ የምታጣውን የቀን ገቢ ይደምሩበትና ከዋጋው እንዲቀነስ ይጠይቁ። የዓመቱ ቦሎ መለጠፉ መኪናዋ ምርመራ አልፋለች ከማለት በቀር ስለ ሞተሩ ቀሪ ዕድሜ አይነግርዎትም።

ሕጉም ቢሆን ለነቃ ገዢ ነው የሚያደላው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢም ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼ ተቀብያለሁ» የምትለዋ የውል መስመር ከመፈረሟ በፊት ሁለቴ ትነበብ። የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ፤ የተለወጠ ሞተር ጭስ ባይኖረውም ስም ማዛወሪያው ላይ ያስቆምዎታል።