ሚዛኑ የማይናገረው፦ ስብን ቀንሶ ጡንቻን ስለማቆየት

ክብደት ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሾመው ዳኛ አንድ ነው፤ እርሱም ሚዛን ነው። ጠዋት ጠዋት ይቆምበታል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለዋል፣ አልወርድ ሲለው ቅር ይለውና ምሳውን ይተዋል። ይሁንና ሚዛን ስንት ኪሎ እንደ ቀነስን እንጂ ከምናችን እንደ ቀነስን አይናገርም። የጎደለው ስብ ሊሆን ይችላል፤ ውሃም ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻም ሊሆን ይችላል። አምስት ኪሎ ስብ የቀነሰ ሰውና አምስቱን ኪሎ ከስብና ከጡንቻ ደባልቆ የቀነሰ ሰው በሚዛን ላይ እኩል ናቸው። በጤናቸውና በነገ ጉልበታቸው ግን እኩል አይደሉም።

ነገሩ በውጭ ሀገር ለሚኖረው ወገናችን ቅርብ ነው። በሀገር ቤት በእግር ይኬድ የነበረው መንገድ እዚህ በመኪና ሆኗል፤ ብዙዎች ቀኑን መሪ ጨብጠው ወይም ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ አንዳንዶችም ሌሊቱን በፈረቃ ሥራ ያሳልፋሉ። ቦርጭ ሲመጣ የሚወሰደው እርምጃም የታወቀ ነው፤ ቁርስን መተው፣ እራትን መዝለል፣ ከዚያም አልፎ ለሳምንታት በጥቂት ምግብ መቆየት። ሚዛኑ በእርግጥ ይወርዳል። ጥያቄው የወረደው ምን እንደሆነ ነው።

ሰውነት ሲራብ ከምኑ ይበላል?

ከምግብ የምናገኘው ኃይል ከምናወጣው ሲያንስ ሰውነታችን ጉድለቱን ከራሱ ጎተራ ይሞላል። ዋናው ጎተራ ስብ ነው፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ገደማ ካሎሪ ይይዛል። ነገር ግን ሰውነት ስብን ብቻ መርጦ አይበላም። የጡንቻን ፕሮቲን አፍርሶ አሚኖ አሲድ ያወጣል፤ ከዚህም ከፊሉን ጉበት ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይሠራል። ምግብ ሲያንስና ጡንቻው ሥራ ሲያጣ ግን መፍረሱ ከመሠራቱ ይበልጣል።

ይህን በጉልህ ካሳዩ ምርምሮች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የተካሄደ ነው። አንሴል ኪስ የተባሉት የሥነ ምግብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ከፊል ረኀብ ላይ አቆዩአቸው። ወጣቶቹ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በስድስቱ ወራት መጨረሻ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ፤ ከጠፋው ውስጥም ብዙው ስብ ያልሆነ የአካል ክፍል ነበር። የእግር ጉዞው ጡንቻቸውን አላዳነላቸውም። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ኋላ የታየው ነው፤ እንደ ልብ መብላት ሲጀምሩ ስባቸው ከጡንቻቸው ፈጥኖ ተመለሰ። በችኮላ ከስቶ መልሶ የሚወፍር ሰው ወደ ቀድሞ ኪሎው ቢመለስም ወደ ቀድሞ አካሉ ላይመለስ ይችላል ማለት ነው።

ጡንቻ ለምን ይጠበቃል?

ጡንቻ ለውበት ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ከምግብ በኋላ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር ኢንሱሊን ሲያዝ ተቀብሎ ከሚያስቀምጡት የአካል ክፍሎች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እርሱ ነው። ስለዚህ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ለሚሰጉ ሰዎች ጡንቻን ማቆየት ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ጡንቻ ሲሠራ አጥንትንም ስለሚስብ አጥንት ጥንካሬውን እንዲጠብቅ ይረዳል። በእርጅና ዘመን ከወንበር ያለ ድጋፍ መነሣት፣ ደረጃ መውጣት፣ ሲደናቀፉ ሳይወድቁ መቆም ሁሉ በእግርና በዳሌ ጡንቻ ላይ የተመሠረተ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማጋነን መታረም አለበት። ጡንቻ ያለው ሰው ተኝቶም ቢውል ብዙ ስብ ያቃጥላል ይባላል። እውነቱ መጠነኛ ነው፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ ዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን 13 ገደማ ካሎሪ ሲያወጣ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ አራት ተኩል ገደማ ያወጣል። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን አንድ ጉርሻ እንጀራን እንኳ አይተካም። ጡንቻን የምንጠብቀው ምግብ እንዲያቃጥልልን ሳይሆን እንዲያንቀሳቅሰን ነው።

ክብደት ማንሳት የሚያመጣው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 20 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት በቀን 800 ካሎሪ ብቻ በሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ ላይ አቆየ። ግማሾቹ በሳምንት አራት ቀን እንደ እርምጃና ብስክሌት ያሉትን የትንፋሽ ስፖርቶች ሲሠሩ፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ያነሡ ነበር። በጠቅላላ ኪሎ የበለጠ የቀነሱት የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሆኖም ከቀነሱት ውስጥ አራት ኪሎ ያህሉ ስብ ያልሆነ አካላቸው ነበር። ክብደት ያነሡት ግን ስብ ያልሆነውን አካላቸውን ይህ ነው የሚባል ጉድለት ሳይደርስበት አቆዩት። በሚዛን ቢፈረድ አሸናፊዎቹ የመጀመሪያዎቹ በሆኑ ነበር። እንዲህ ያለው አነስተኛ የምግብ መጠን በሐኪም ክትትል ሥር ብቻ የሚሞከር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 160 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታተለ። ምግብ ቀንሰው የትንፋሽ ስፖርት ብቻ የሠሩት ስብ ካልሆነው አካላቸው 5 በመቶ ሲያጡ፣ ክብደት ያነሡት 2 በመቶ፣ ሁለቱንም ያጣመሩት 3 በመቶ አጡ። በእንቅስቃሴ ብቃት ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱን ያጣመሩት ናቸው። እንግዲህ ምርጫው መራመድ ወይስ ክብደት ማንሳት የሚል አይደለም። መራመድ ለልብና ለሳንባ ይቀጥል፤ ክብደት ማንሳት ደግሞ ይጨመርበት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ለጀማሪ የሚሆን አሠራር

ጀማሪ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ጂም መግባት ለቻለ ጥሩ ነው፤ ያልቻለ፣ ለምሳሌም በአረብ ሀገር በአሠሪዎቿ ቤት በጠባብ ክፍል የምትኖር እህት፣ ውሃ የተሞላ የሁለት ሊትር ጠርሙስን እንደ ሁለት ኪሎ ክብደት፣ የአምስት ሊትር ጀሪካንን እንደ አምስት ኪሎ ልትጠቀምበት ትችላለች። ዋናው ነገር ትልልቆቹን ጡንቻዎች የሚያሠሩ አምስት እንቅስቃሴዎችን መያዝ ነው።

የመጀመሪያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጅን ሳይደገፉ መነሣት ሲሆን፣ ሲለመድ ያለ ወንበር ስኳት ይሆናል። ሁለተኛው ፑሽ አፕ ነው፤ መሬት ላይ የከበደው ሰው ግድግዳን ወይም ጠንካራ ጠረጴዛን በመግፋት ይጀምር። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ ነው። አራተኛው ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከዳሌ በመታጠፍ ክብደትን ከመሬት ማንሳት ነው። አምስተኛው ክብደትን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት ነው።

እነዚህን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከል አንድ ቀን እያረፉ መሥራት ይበቃል። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መደጋገም፣ በዙሮች መካከልም ሁለት ደቂቃ ያህል ማረፍ መልካም ነው። ክብደቱ የሚመረጠው ዙሩ ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ያህል ለመጨመር የሚያስችል አቅም እንዲቀር ሆኖ ነው። በጣም ከቀለለ ጡንቻ የሚቆይበት ምክንያት አያገኝም፤ በጣም ከከበደ ደግሞ አሠራር ይበላሻል፣ ጉዳትም ይመጣል። ሲያነሡ መተንፈስ፣ ሲያወርዱ አየር መሳብ እንጂ ትንፋሽን አፍኖ መታገል አይገባም።

ሁሉም ዙር 12 ሲደርስ ጥቂት ክብደት ይጨመራል። ይህን ደረጃ በደረጃ የመጨመር ሥርዓት በዘመናዊ ሕክምና ካስተዋወቁት አንዱ ቶማስ ዴሎርም የተባሉ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ናቸው። በ1940ዎቹ በቺካጎ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል የተጎዱ ወታደሮችን እየጨመረ በሚሄድ ክብደት ያሠሩ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ከዚህ ሥርዓት ጋር ይስማማል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት በፍጥነት ይጨምራል። ይህ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ስላደገ ሳይሆን፣ ነርቮች ቀድሞውንም የነበረውን ጡንቻ በተሻለ ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። ለጀማሪ ሌላም ዕድል አለው፤ ሰውነቱ ለሥልጠናው አዲስ ስለሆነ ስብ እየቀነሰ ሳለ ጥቂት ጡንቻ ሊጨምር ይችላል። ልምድ ላለው ስፖርተኛ ይህ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ገበታው

ስልጠና ብቻውን አይበቃም፤ ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። በካናዳ በሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ 40 ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንታት ምግባቸው በ40 በመቶ ተቀንሶ ጠንካራ ስፖርት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 2.4 ግራም ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ ሲቀንሱ 1.2 ኪሎ ስብ ያልሆነ አካል ጨመሩ። 1.2 ግራም የበሉት ደግሞ 3.5 ኪሎ ስብ ቀነሱ፤ ስብ ያልሆነው አካላቸው ግን ባለበት ቆየ። ለተራ ጀማሪ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ተገቢ ልክ ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር።

ሁለት እንቁላል 12 ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ። ጾም ለሚጾም ምእመን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር መሠረቶቹ ናቸው። እህል የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬ ይሞላል፤ እንጀራና ምስር ወጥ አንድ ላይ መበላታቸው እንግዲህ በሳይንስም ያማረ ጥምረት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዘይቱ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ገደማ ካሎሪ ስላለው፣ በጾም ወጥ የሚወፍር ሰው ምክንያቱን ከምስሩ ይልቅ ከድስቱ ሥር ይፈልግ። በረመዳን የሚጾም ደግሞ ፕሮቲኑን ለኢፍጣርና ለስሑር አካፍሎ፣ ሥልጠናውን ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርገው ይቀልለዋል።

የምግብ ቅነሳው መጠነኛ ይሁን። በሳምንት ከክብደት ግማሽ እስከ አንድ በመቶ መቀነስ፣ ለ80 ኪሎ ሰው ከ400 እስከ 800 ግራም ማለት ነው፣ ጡንቻን ለማቆየት የሚመች ፍጥነት ነው።

እንቅልፍም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ምግብ የሚበሉ 10 ሰዎችን አንድ ጊዜ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ አምስት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጉ። እንቅልፍ ባነሰ ጊዜ የቀነሱት ስብ ከግማሽ በላይ አነሰ፤ የጠፋው ስብ ያልሆነ አካል ግን በ60 በመቶ ጨመረ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን የሚተኛበትን ክፍል አጨልሞ ሰዓቱን ማስከበሩ እንደ ሥልጠናው ሁሉ ዋጋ አለው።

ለወጣት ወንዶች ብቻ አይደለም

ብዙ ሴቶች ክብደት ማንሳት ሰውነታችንን እንደ ወንድ ያፈረጥመዋል ብለው ይሸሻሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም። ሴቶች ጡንቻን የሚያሳድገው ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን ከወንዶች እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ በተለይም ምግብ እየቀነሱ በሳምንት ሁለት ቀን በማንሳት ሳያስቡት አይፈረጥሙም። ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ ሥልጠናው ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

እናትና አባቶቻችንም ቢሆኑ ጊዜው አልፎባቸዋል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የታተመ የቦስተን ጥናት ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ 10 ደካማ አረጋውያንን ለስምንት ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲገፉ አደረገ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የዘጠኙ ሰዎች የጭን ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በዚያ ዕድሜ የጨመረ ጉልበት በአምሳ ዓመት አይጨምርም የሚል ምክንያት የለም።

የልብ ሕመም፣ በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድም ምግብ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን ሊስተካከል ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። በሥልጠናው ማግስት ጡንቻ ቢያም የተለመደ ነው፤ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የመገጣጠሚያ ስለታም ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው ማቆም ይገባል።

ሚዛኑንም መጣል አያስፈልግም፤ ምስክሮች እንዲጨመሩለት እንጂ። በየሁለት ሳምንቱ ወገብን በሜትር መለካት፣ ያነሡትን ክብደትና የደጋገሙትን ቁጥር በደብተር መጻፍ ይበቃል። ወገቡ እየጠበበ የሚያነሣው ክብደት ካልቀነሰ፣ ሚዛኑ ለሁለት ሳምንት ባይንቀሳቀስ እንኳ መንገዱ ትክክል ነው። ወገቡም ክብደቱም አብረው እየወረዱ ጉልበት ከከዳ ደግሞ ምግቡ ከልክ በላይ አንሷል፤ ጥቂት እንጀራና አንድ እንቁላል መጨመር ያን ጊዜ ሽንፈት አይደለም።