ከኮረብታው ሥር የተኛው 45 ሚሊዮን ጠርሙስ

በጣሊያን ቶስካና ክፍለ ሀገር፣ ከሲዬና ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሞንታልቺኖ የሚባል አምባ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 564 ሜትር ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ቆላ ይባል ነበር። የአስተዳደሩ ነዋሪ፣ በዙሪያው ያሉት መንደሮች ተቆጥረው እንኳ፣ 6 ሺህ አይሞላም። ይህ ትንሽ ሕዝብ ብሩኔሎ የተባለውን ቀይ ወይን በየዓመቱ 9 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ ለዓለም ያወጣል።

9 ሚሊዮን ብቻውን ላያስደንቅ ይችላል። የሚያስደንቀው የአገሩ ሕግ ሲጨመርበት ነው። ብሩኔሎ፣ ከተለቀመበት ዓመት አንሥቶ አምስተኛው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን እስኪገባ ድረስ፣ አንድ ጠርሙስ እንኳ ሊሸጥ አይችልም። በ2020 የተለቀመው ገበያ ያየው በ2025 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪዘርቫ የሚባለው ምርጡ ደግሞ አንድ ዓመት ይጨመርበታል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለቀማው ሲያልቅ፣ የዘንድሮውና ያለፉት አራት ዓመታት ምርት በአንድ ጊዜ በየምድር ቤቱ ተኝቷል። ከፊሉ በጋን፣ ከፊሉ በበርሜል፣ ከፊሉ በጠርሙስ ነው፤ ሁሉም ወደ ጠርሙስ ሲመነዘር 45 ሚሊዮን ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ በእናቱ ጀርባ ላለው ሕፃን ጭምር፣ 8 ሺህ ጠርሙስ ገደማ ማለት ነው። አንዱን ጠርሙስ በዝቅተኛ የሱቅ ዋጋ 30 ዩሮ ብንለው፣ ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያወጣ ንብረት ጨለማ ውስጥ ቀኑን ይጠብቃል።

ወደ ሞንታልቺኖ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቅምሻውን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሣውን ፎቶግራፍና የድንጋይ ቤቶቹን ያስባል። እኔ ግን የዚህ አምባ ትልቁ ትዕይንት ትዕግሥቱ ነው እላለሁ። ትዕግሥት በዓይን ስለማይታይ በቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

መሬቱን እንለካው። ጥንታዊው የሞንታልቺኖ ግዛት 24 ሺህ ሄክታር ገደማ ሲሆን ኦምብሮኔ፣ ኦርቻና አሶ የተባሉ ወንዞች ያካልሉታል። ግማሹ ደን ነው። በወይን የተሸፈነው 3,500 ሄክታር ገደማ፣ ከመላው መሬት 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ብሩኔሎ ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ ለብዙ ዓመታት 2,100 ሄክታር አካባቢ ላይ ታጥሮ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ማሳ አንድ ቦታ ብንሰበስበው ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል የሆነ ካሬ ይወጣዋል። ጎበዝ እግረኛ በአንድ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። በዓለም ላይ 7 ሚሊዮን ሄክታር የሚያልፍ የወይን ማሳ አለ፤ የብሩኔሎ ድርሻ ከ3,400 ሄክታር አንዱ ቢሆን ነው። ምርቱም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ በምድር ላይ ከሚመረት 3,500 ጠርሙስ ወይን አንዱ ገደማ ብሩኔሎ ነው።

ሕጉ የሚያዘው መቆየትን ብቻ አይደለም፤ መቀነስንም ነው። ዝርያው ሳንጆቬዜ ብቻ፣ መቶ በመቶ መሆን አለበት። ከአንድ ሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ ፍሬ መልቀም አይቻልም፤ ከአንድ ኩንታልም ከ68 ሊትር በላይ ወይን ማውጣት አይፈቀድም። በዚህ ስሌት አንድ ሄክታር ቢበዛ 7,250 ጠርሙስ ገደማ ይሰጣል። ነገር ግን 9 ሚሊዮኑን ለ2,100 ሄክታር ስናካፍለው የሚደርሰው 4,300 ያህል ብቻ ነው። ከተፈቀደው ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋው የት ሄደ? ድርቅና በረዶ የሚወስዱት አለ። ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ ወደሚባለው፣ ከዚያው ዝርያ ተሠርቶ በዓመቱ ወደሚሸጠው ታናሽ ወንድም የሚዛወርም አለ፤ አምራቹ የብሩኔሎው ቀን እስኪደርስ ቤቱን የሚያስተዳድረው በእርሱ ነው። የቀረውን የሚጥለው የገበሬው እጅ ነው። በበጋ እሸቱን ዘለላ ቆርጦ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ለቀሩት ዘለላዎች ኃይል እንዲተርፍ። አንድ ዓመት ሙሉ የደከመበትን ፍሬ በገዛ መቀስ መጣል ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ያረሰ ሰው ያውቀዋል።

ከተማዋ ራሷ በግማሽ ቀን ታልቃለች፣ ጉልበት ካለ። መንገዶቿ ጠባብና ቀጥ ያሉ ዳገቶች ናቸው። ጫፏ ላይ ሲዬናዎች በ1361 ማሠራት የጀመሩት ባለ አምስት ማዕዘን ምሽግ ቆሟል። በ1555 ሲዬና ለጠላት ስትወድቅ፣ እጅ አንሰጥም ያሉት ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ የሲዬና ሪፐብሊክም በስደት ከዚህ ግንብ ውስጥ እስከ 1559 ድረስ፣ አራት ዓመት ቆየች። ግንቡ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ያየ ሰው 1,738 ሜትር ከፍታ ያለውን የአሚያታ ተራራ ያገኛል። ተራራው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣውን ማዕበልና በረዶ የሚመክት ጋሻ ነው። የብሩኔሎ ማሳዎች ከ120 እስከ 600 ሜትር ባለው ከፍታ በአራቱም አቅጣጫ ተዘርግተዋል፤ የሰሜኑ ተዳፋት ቀዝቃዛ፣ የደቡቡ ሞቃት ስለሆነ በአንዱ ኮረብታ ላይ ፍሬው የሚደርስበት ቀን ይለያያል።

ከከተማው መካከል የቆመውን ቀጭን ግንብ ያለውን አሮጌ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ግድግዳ ሳያዩ መሄድ ይቆጫል። ከ1992 ጀምሮ ለየዓመቱ ለቀማ አንድ የሸክላ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። አምራቾች ለአዲሱ ምርት ከአምስት ኮከብ ስንት እንደሚገባው ፈርደው በሰሌዳው ላይ ሲያሳትሙ፣ ወይኑ ለገበያ ገና ዓመታት ቀርተውት ነበር። ፍርዱ በአደባባይ ይጻፍ ነበር፣ ማስረጃው ከአራት ዓመት በኋላ ይመጣ ነበር።

ዛሬ ባለጸጋ የሆነው ይህ አምባ በ1960ዎቹ ድሃ ነበር። ገበሬው እኩል አራሽ ነበር፤ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ይካፈል ነበር። በ1956 የወረደው ከባድ ውርጭ የወይራውን ዛፍ አደረቀው። በ1964 ሚላኖን ከናፖሊ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ሲጠናቀቅ በአካባቢው ባለው በካሲያ መንገድ የሚያልፈው ተጓዥ አቅጣጫውን ቀየረ። በዚያው ዓመት ሕግ አዲስ የእኩል አራሽነት ውልን ከለከለ፤ ብዙ ቤተሰብም ማሳውን ትቶ ወደ ከተማ ወረደ። የአምራቾቹ ማኅበር በ1967 ሲመሠረት የብሩኔሎ ማሳ ገና 64 ሄክታር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ30 እጥፍ በላይ አድጓል፤ አምራቹም ከ200 በላይ ሆኗል። የአንድ ሄክታር ዋጋ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ አልፏል።

መነሻው ግን ከዚያም ይርቃል። ፌሩቾ ቢዮንዲ ሳንቲ፣ ለጣሊያን አንድነት ከተዋጋው ከጋሪባልዲ ጋር የዘመተ ወጣት፣ ከዘመቻ ተመልሶ የአያቱን እርሻ ተረከበ። በዚያ ጊዜ ቶስካናዎች ዝርያ ቀላቅለው ቶሎ የሚጠጣ ወይን ያዘጋጁ ነበር። እርሱ አንድ ዝርያ ብቻ ይዞ ረጅም ዘመን የሚቆይ ወይን ሠራ። የ1888 ምርቱ ዛሬም በስም ይጠራል። የዚያው ቤት የ1955 ሪዘርቫ ደግሞ በ1999 ዋይን ስፔክቴተር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የምዕተ ዓመቱ ምርጥ ካላቸው 12 ወይኖች አንዱ ሆኗል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከጣሊያን የገባው እርሱ ብቻ ነበር። መጽሔቱ ሲፈርድ ወይኑ 44 ዓመቱ ነበር።

ይህን ያህል ጊዜ የተጠራቀመበት ነገር ሲፈስ ምን ይመስላል? በዲሴምበር 2012 አንድ ሌሊት፣ ካዜ ባሴ በተባለው የጃንፍራንኮ ሶልዴራ እርሻ፣ የቀድሞ ሠራተኛው ወደ ምድር ቤቱ ገብቶ የበርሜሎቹን ቧንቧ ከፈተ። 62,600 ሊትር ወይን ወለሉ ላይ ፈሶ በፍሳሹ ቦይ ሄደ። ወደ ጠርሙስ ሲመነዘር ከ83 ሺህ በላይ ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን ሌላኛው ቁጥር ነው፤ ከ2007 እስከ 2012 የተለቀመ፣ የስድስት ዓመት ምርት። ገንዘብ ቢጠፋ ተበድሮ መተካት ይቻል ይሆናል፤ የ2007ን ዝናብና ፀሐይ ግን ዳግም የሚያበድር የለም። እኔ ስለ ወይን ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያሳዘነኝ ታሪክ የለም። ሰውየው ተይዞ ተፈረደበት። ሶልዴራ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር፤ ሥራውን አላቆመም፤ በ2019 እስኪሞት ድረስ ከማሳው አልተለየም።

በአምባው ዙሪያ ጊዜ በሌላ ሚዛንም ይለካል። ወደ ደቡብ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው ሸለቆው ውስጥ የሳንትአንቲሞን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ። አሁን የሚታየው ሕንፃ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አንዳንዱ ድንጋይ አልባስጥሮስ ስለሆነ የጠዋት ብርሃን ሲነካው ከውስጥ የበራ ይመስላል። በስተ ምሥራቅ በኩል ደግሞ ከእንግሊዝ ወደ ሮም የሚወስደው ጥንታዊው የተሳላሚዎች መንገድ ያልፋል፤ በ990 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጀሪክ ከሮም ሲመለስ ወደ 80 የሚጠጉ ማረፊያዎቹን አስመዝግቧል፤ እዚሁ ሥር ያለችው ቶሬኒየሪ አንዷ ናት።

ሁሉንም ቁጥር የሚያሳንሰው ግን በ2007 ፖጆ አሌ ሙራ በተባለው ቦታ፣ ከወይን ማሳ አፈር ውስጥ የወጣው ነው፤ የዓሣ ነባሪ አጽም። ዕድሜው ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ድንቅነሽ በአፋር ምድር ከመራመዷ በፊት፣ ዛሬ ወይን የሚለቀምበት ይህ ተዳፋት የባሕር ወለል ነበር። የዚያ ባሕር ደለል ዛሬም በሥሮቹ መካከል አለ፤ የዝቅተኛዎቹን ማሳዎች ሸክላማ አፈር የሠራው እርሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት በ2026 አርጅቶ የተነቀለ ማሳ ላይ አዲስ ችግኝ ቢተክል፣ ደህና ፍሬ የሚለቅመው ቢፈጥን በሦስተኛው ዓመት፣ በ2029 ነው። ወይኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት በኦክ በርሜል፣ ቢያንስ አራት ወር በጠርሙስ ይቆያል፤ ቀሪውን ጊዜ በፈለገበት ያሳርፈዋል። ብሩኔሎ ብሎ የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሚሸጠው ጃንዋሪ 1 ቀን 2034 ነው። እስከዚያ ድረስ ስምንት ክረምት መግረዝ፣ ፍሬ ከመጣ ወዲህ በየበጋው እሸት መጣል፣ ሰማይ ሲያንጎደጉድ ስምንት ዓመት ወደ አሚያታ ማንጋጠጥ አለበት። ሆኖም በየዓመቱ የሚተክል አይጠፋም።